ሃያዋን ብር ምን በላት? «እኩል ክፍያ ያለቀለት ጉዳይ ነው» ላለን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በአምስት ሰው እጅ አልፎ ስልኬ ላይ ደረሰ። ሦስቱ «አንብበው፣ ልክ ልካቸውን ነግሯቸዋል» ብለው ነው የላኩልኝ። ሁለቱ ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው ላኩት። ሁለቱም ሴቶች ናቸው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የሴቶች እኩል ክፍያ የሚባለው ክርክር ከውጭ የመጣ ጫጫታ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1963 በሕግ ጨርሰውታል፣ እኛም በሕገ መንግሥታችን ጨርሰነዋል። ሴቶች አነስ ያለ የሚከፈላቸው ቀለል ያለ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። በዚያ ላይ ይወልዳሉ፣ ይቀራሉ፣ አሠሪውን ወጪ ያስወጣሉ። በደል ቢኖርማ ይከሱ ነበር። ሕጉ ይጥበቅ ከተባለ ባለሀብቱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ «ማስረጃ ያለው ያምጣ» ብሎ ይዘጋል።

እሺ። እኔ ማስረጃ አለኝ። ግን ቀስ ብለን።

አንተ ማን ነህ ለምትሉኝ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ከተማው ጠርዝ ላይ፣ በገላን በኩል ይሠራ በነበረ አንድ ሕንፃ ላይ ታይም ኪፐር ነበርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደብተር ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ስም እጠራለሁ። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ እመዘግባለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ፔሮል ሠርቼ ለቢሮ አቀርባለሁ። ስለዚህ የማወራው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። የሴቶቹን ሒሳብ በገዛ እስክሪብቶዬ እያሳነስኩ ስጽፍ የኖርኩት እኔው ነኝ።

«ቀለል ያለ ሥራ» ከሚለው ልጀምር። የጽሑፉ ሌላው ነገር ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

ባሬላን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ሁለት ረጃጅም እንጨት ነው፣ መሐሉ ላይ ጣውላ ተመቶበታል፣ ጫፍ ጫፉ እጀታ ነው። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይይዛል። አሸዋ፣ ጠጠር ወይም የተቦካ ሲሚንቶ ይሞላበትና «ሆ!» ተብሎ ይነሣል። እኛ ሳይት ላይ ብዙውን ጊዜ ከፊት ወንድ፣ ከኋላ ሴት ነበር የሚይዙት። ለምን እንደዚያ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፣ ፎርማኑ ሲያቆማቸው እንደዚያ አድርጎ ነው።

ሜዳ ላይ ሲሆን ሁለቱም እኩል ይሸከማሉ። መወጣጫው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባሬላው ያዘነብላል፣ ጭነቱ ወደ ታች ይንሸራተትና ከኋላ ወዳለው ሰው ይመጣል። የፊተኛው ይስባል፣ የኋለኛው ይሸከማል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንደዚያ ነው። ሴትየዋ ደረቷ ላይ አሸዋ እየፈሰሰባት፣ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ፣ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ሳይታያት ትወጣለች። አንዴ ብትለቅ ባሬላው ከነሰውየው ነው የሚወርደው።

ለፊተኛው በቀን 100 ብር ይከፈላል። ለኋለኛዋ 80 ብር። የ2009 ዓ.ም. ሒሳብ ነው።

አንዲት ሴት ነበረች፣ ከሠላሳ ዓመት ባይበልጣትም ሳይቱ ሁሉ እናትዬ ነው የሚላት። በአሥራ አምስት ቀን አሥራ ሦስት ቀን ትሠራለች፣ 1,040 ብር ትቀበላለች። አብሯት ባሬላ የሚይዘው ልጅ 1,300። ብሩን ምራቋን እያስነካች ሁለት ጊዜ ትቆጥርና ወደኔ ዞራ «ሃያዋን ብር ምን በላት?» ትለኛለች እየሳቀች። እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን ሳቁ አልመጣልኝ ሲል «እናትዬ፣ እኔ እኮ የተባልኩትን ነው የምጽፈው» አልኳት። «አውቃለሁ ወንድሜ፣ እኔም የተባልኩትን ነው የምሸከመው» አለችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

አሁን ጸሐፊው ቀላል የሚለው ሥራ የትኛው እንደሆነ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። «ሕገ መንግሥቱ ጨርሶታል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፏል። አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት ክፍያ ላይ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ከሱ በፊት የነበረው 377/96ም ይከለክል ነበር። እኔ 100 እና 80 ስጽፍ በኖርኩባቸው ዓመታት በሙሉ ክልክል ነበር ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ።

ግን ነገሩ ሕጉ ስላልተከበረ ብቻ አይደለም። ይችን ነገር ልንገራችሁና ፍረዱ።

አንድ ሰሞን ከሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ቢሮ ተጠራሁ። ፔሮሉ ላይ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ የሥራ ዓይነት፣ የቀን ሒሳብ የሚሉ ረድፎች አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሥራ ዓይነት በሚለው ላይ ለሁሉም «የጉልበት ሠራተኛ» ነበር የምጽፈው። «ከዛሬ ጀምሮ ለሴቶቹ ‹ቀላል ጉልበት› በል» ተባልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ባሬላው ያው ባሬላ፣ መወጣጫው ያው መወጣጫ፣ ሃያዋ ብርም እዚያው የቀረችበት ቀረች። ሕጉ ግን ተከበረ፣ ምክንያቱም ሥራው ወረቀት ላይ «ተመሳሳይ» መሆኑ ቀረ። ተቆጣጣሪውም በመጨረሻ አልመጣም።

ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ «ተመሳሳይ ሥራ» ስላለ ተመሳሳይ እንዳይሆን ስሙን መቀየር ይበቃል። ይህ ደግሞ የኛ ፎርማኖች የፈጠሩት ብልጠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዝ አገር ዳገንሃም የሚባል ቦታ፣ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ የወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ አቆሙ። ፋብሪካው ስፌታቸውን ሙያ የማይጠይቅ ሥራ ብሎ ዝቅ ባለ ደረጃ መድቦባቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ቆዩ። ወንበር የሌለው መኪና አይሸጥምና ፋብሪካው ተንገዳገደ፣ ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ገብተው አስታረቁ፣ ሴቶቹ የወንዶቹን 92 በመቶ ይዘው ተመለሱ። በ1970 የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ። ደረጃቸው ግን፣ ማለትም ስፌት ሙያ ነው የሚለው፣ የተስተካከለው እንደገና ሥራ አቁመው በ1984 ነው። ለአንዲት ቃል አሥራ ስድስት ዓመት።

ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ጎረቤቴ ያለች ልጅ ልብስ ፋብሪካ ኦፕሬተር ናት። ማሽን ላይ የሚሰፉት ሴቶች ናቸው ማለት ይቻላል፣ ማሽኑን የሚጠግኑት ወንዶች። «ከማን ጋር ነው የምታወዳድሪው? አጠገብሽ እኮ ወንድ ሰፊ የለም» ይሏታል። እውነትም የለም። ለዚህ ነው የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 100 «ተመሳሳይ ሥራ» ሳይሆን «እኩል ዋጋ ያለው ሥራ» የሚለው። ሥራው ምን ያህል ጉልበት፣ ምን ያህል ሙያ፣ ምን ያህል ኃላፊነት ይጠይቃል? የሚሠራበት ቦታስ ምን ይመስላል? ይህ ይመዘናል። እኛ ሳይት ላይ የሲሚንቶ አቧራ እየዋጠች ስድስት ወለል የምትጠርገዋ ሴት በር ላይ ተቀምጦ ከሚውለው ዘበኛ ያነሰ ነበር የምታገኘው። መጥረግና መጠበቅ ተመሳሳይ ሥራ ነው? አይደለም። ዋጋቸው ይመዘን ሲባል ግን ወሬው ይቀየራል።

እና «ከውጭ የመጣ ጫጫታ» ለሚለው፣ ኢትዮጵያ ያንን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃዋለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ «እኩል ዋጋ» የሚለው ቃል ሩብ ምዕተ ዓመት የቆየ የራሳችን ቃል ነው። የሚፈለገው ይኸው ቃል አዋጁ ውስጥ ገብቶ፣ እንዴት እንደሚመዘንም እንዲጻፍ ነው።

ስለ ወሊድ የጻፈው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቅን ሰውም ያምንበታል። አሠሪ ለወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል፣ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90። ወጪ ነው፣ አልክድም። እስቲ እንደ ታይም ኪፐር ላስላው። አንዲት ሴት በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ልጅ ብትወልድ ስምንት ወር ቀረች። ከ120 ወር ውስጥ ስምንት፣ ሰባት በመቶ አይሞላም። እኛ ግን የምንቆርጠው ሃያ በመቶ ነበር፣ በየቀኑ፣ ከሁሉም ሴት ላይ። መውለድ ካቆሙ ዓመታት ካለፋቸው እናቶችም ላይ። ደግሞ የቀን ሠራተኛዋ የትኛውን የወሊድ ፈቃድ አገኘችና? ሳይቱ ላይ ሆዷ እስኪገፋ ባሬላ ይዛ አንድ ቀን ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትል ትጠፋለች፣ እኔም «ቀ» እጽፋለሁ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ልጅ አዝላ መጥታ እንደ አዲስ ትመዘገባለች። ያልወሰደችውን ፈቃድ ነው በየቀኑ የምትከፍለው።

ወጪው አንድ አሠሪ ላይ መውደቁ ችግር ከሆነ መላው አለ። ጡረታ እንዴት ነው የሚሠራው? የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፣ ሴት የቀጠረም ወንድ የቀጠረም ያዋጣል፣ ከቋቱ ይከፈላል። ወሊድንም እንደዚያ ማድረግ ይቻላል። ያኔ «ሴት መቅጠር ያስወጣል» የሚል ሰበብ አይኖርም። ጸሐፊው ለአሠሪው ወጪ ይህን ያህል ከተጨነቀ ይህን ለምን እንደዘለለው አላውቅም። በነገራችን ላይ ለአባት አዋጁ የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! ገንፎውም በወጉ አያልቅም።

ጡረታን ካነሣሁ አይቀር፣ መዋጮው የደመወዝ መቶኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያነሰ ደመወዝ ነገ ያነሰ ጡረታ ነው። ሃያዋ ብር እርጅና ድረስ ትከተላለች።

«በደል ቢኖር ይከሱ ነበር»። ወንድሜ፣ ለመክሰስ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳይት ላይ ሰው አንዱ የሌላውን ስለሚያይ ይታወቃል፣ ፋብሪካና ቢሮ ውስጥ ግን ደመወዝ ምስጢር ነው። አሠሪ የክፍያ መዝገብ መያዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ ማሳየት፣ ማስረዳትም አለበት። ግን የምታየው የራሷን መስመር ነው። የጎኗን ማን ያሳያታል?

አሜሪካ በ1963 ጨርሳለች ያለው ላይ አንድ ታሪክ ልጨምርለት። ሊሊ ሌድቤተር የምትባል ሴት አላባማ ውስጥ የጉድዪር ጎማ ፋብሪካ ኃላፊ ሆና ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሊያበቃ ሲል አንድ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው ቁራጭ ወረቀት ተወላት። እሷ በወር 3,727 ዶላር ስታገኝ፣ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ካሉት ወንዶች ትንሹ 4,286 ያገኝ ነበር። ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ «ዘግይተሻል፣ በ180 ቀን ውስጥ መክሰስ ነበረብሽ» አላት። ያላወቀችውን ነገር! ኮንግረስ ሕጉን አስተካክሎ ኦባማ በ2009 ፈረሙበት። ደመወዝን መነጋገር እንዳያስቀጣ ከለላ የሚሰጠው ሌላው ረቂቅ ደግሞ የታችኛውን ምክር ቤት ደጋግሞ አልፎ ሴኔት ላይ ሲወድቅ ነው የኖረው። ጨረሱት የተባለው ይህ ነው እንግዲህ።

ይህ ታሪክ ለምን እንደቆረቆረኝ ልንገራችሁ። በኛም አዋጅ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስድስት ወር፣ ያው 180 ቀን በሉት። የእናትዬን ልሥራው። በወር 26 ቀን ብትሠራ የቀረባት 520 ብር ነው። በዓመት 6,240። በሦስት ዓመት 18,720። ያኔ ሥራው ሳያልቅ ብርታት አግኝታ ብትከስ፣ ብትረታም፣ የምትደርስበት የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ነው፣ 3,120 ብር። የቀረው ተቃጥሏል። ለዚያ 3,120 ብር ስንት ቀን ፍርድ ቤት ትመላለሳለች? የተመላለሰችበትን ቀን ማን ይከፍላታል? በማግስቱስ በር ላይ ስሟን የሚጠራ አለ? አልከሰሱም ማለት አልተበደሉም ማለት አይደለም፣ ሒሳብ ያውቃሉ ማለት ነው።

ባለሀብቱ ይሄዳል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኛ አገር የልብስ ፋብሪካ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ ካያቸው አገሮች ሁሉ ትንሹ። ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ሐዋሳን ለቆ የሄደው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው፣ በጦርነቱ ምክንያት። ከአንድ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ያስገባ ከነበረው ከአጎዋ ወጣን። የሴቶች ደመወዝ ጨምሮብኝ ነው ብሎ የሄደ እኔ አልሰማሁም።

«ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል» የሚል ዓረፍተ ነገርም በመሐል ጣል አድርጓል። እኛ ሳይት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንደላጤ 100 ብር ያገኝ ነበር፣ የሦስት ልጆች እናት 80። ፔሮሉ ላይ የቤተሰብ ብዛት የሚል ረድፍ አልነበረም። ጾታ የሚል ግን ነበር።

አንድ ቦታ ላይ እውነት አለው፣ እሱን ልስጠው። «የወንዱስ ደመወዝ መች ደመወዝ ሆነና» ይላል። ልክ ነው፣ መቶ ብርም ክብር አልነበረም። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ዓመታት አለፉ፣ ወለሉን ስንጠብቅ ኑሮው ጣሪያውን ነካ። ግን ከዚህ ተነሥቶ «መጀመሪያ የሁሉም ይስተካከል፣ የሴቶቹ ከዚያ ይደርሳል» ማለቱ ላይ እንለያያለን። ያየሁትን ልንገረው።

በ2010 መጨረሻ ላይ ቢሮው ሒሳብ ሠራ። አንድ ባሬላ ወንድና ሴት ሲይዙት 180 ብር ነው፣ ሁለት ሴቶች ሲይዙት 160። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ባሬላ በሁለት ሴት መያዝ ጀመረ። ያባረሯቸው ወንዶች ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው «ሴት አበዛችሁ» ብለው ይጨቃጨቁኝ ነበር። አንዱማ ደብተሬን ሊነጥቀኝ ደረሰ። «ሴቶቹ ናቸው ሥራ የነጠቁን» ይላል። «እነሱ አይደሉም፣ ሃያዋ ብር ናት» ልለው እየፈለግሁ «ቢሮ ግባና ጠይቅ» አልኩት። እኔም ደመወዝተኛ ነኛ። የቀሩት ወንዶች ጭማሪ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ምን እንደነበር መገመት አያቅትም። በ80 የሚሠራ እያለ ማን ይጨምራል? በሴቷ ላይ የተከፈተው ቀዳዳ እሷ ላይ ብቻ አያፈስም።

እንግዲህ ጸሐፊው «ማስረጃ ያለው ያምጣ» ብለሃል። ፔሮሉ ቢሮ ቀርቷል፣ ሕንፃውም አሁን ሥሩ ፋርማሲና የሞባይል ሱቅ ተከፍቶበት ሌላ ነገር መስሏል። የስም መጥሪያ ደብተሮቹ ግን እኔ ጋ ናቸው፣ አራቱም፣ አልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልለው። እነሱም እንደ ፔሮሉ የሥራ ዓይነትና የብር ረድፍ አላቸው። ሦስተኛው ደብተር ላይ «የጉልበት ሠራተኛ» የሚለው በአንድ ቀን ተሰርዞ ከላዩ «ቀላል» ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ገጾች አሉ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ቱሉ ዲምቱ ብቅ በልና ቡና እያፈላን እናየዋለን። ስሞቹን በወረቀት እሸፍናቸዋለሁ፣ የብሩን ረድፍ ግን እንደ ልብህ እይ።